የክፍል አለቃው እንዴት ተመረጠ?

አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ተማሪ በሕይወቱ መጀመሪያ የሚያየው ባለሥልጣን ሚኒስትር ወይም ከንቲባ አይደለም፤ የክፍሉ አለቃ ነው። መስከረም ላይ ስም ጠሪው መምህር ይገቡና ቁመቱ ዘለግ ያለውን ወይም ባለፈው ዓመት ደረጃ የወጣውን ልጅ «አንተ አለቃ ነህ» ይሉታል። ሥራው የታወቀ ነው። መምህሩ ሲወጡ ከደብተሩ መሃል አንድ ገጽ ይገነጥላል፣ ከላይ «ረባሾች» ብሎ ይጽፋል፣ ከሥሩ ስም መደርደር ይጀምራል። ደግሞ ያወራ ልጅ ከስሙ አጠገብ ኤክስ ይደረግበታል። ማስቲካ ያካፈለ ጓደኛ ይሰረዝለታል። በእረፍት ሰዓት በኳስ የተጣላ ደግሞ ትንፍሽ ሳይል ስሙ ወረቀቱ ላይ ይገኛል። መምህሩ ሲመለሱ ወረቀቱን ይቀበላሉ፤ ማንም አይጠየቅም፣ ማንም አይከራከርም፣ የተጻፈ ሁሉ ይንበረከካል።

ቀጥሎ የዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ ይደወላል። መምህሯ ጠመኔ ይዘው ይገቡና «የሕግ የበላይነት» ብለው ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ። ተማሪው ትርጉሙን ይገለብጣል፣ ለፈተና ይሸመድዳል፣ የምርጫ ጥያቄ ሲመጣ «ሐ»ን ያከብባል፣ ሙሉ ውጤትም ያገኛል። ያን ቀን ስለ ሥልጣን የተማረው ግን ከደብተሩ አይደለም። ሥልጣን ከላይ እንደሚሰጥ፣ ለወዳጅ እንደሚሰርዝ፣ በጠላት ላይ እንደሚጽፍ፣ ይግባኝ እንደሌለው ተንበርክኮ ተምሯል።

የሥነ ዜጋ ትምህርት ለምን ፍሬ አላፈራም እየተባለ በየመድረኩ ሲጠየቅ ጣት የሚቀሰረው ወደ መጽሐፉ ነው። መጽሐፉ ጉድለት የለበትም ማለት አይቻልም። ትልቁ ጉድለት ግን ትምህርት ቤቱ የሚተዳደርበት መንገድ ነው። ተማሪ ስለ ዴሞክራሲ የሚነገረውን የሚያምነው እሱ ራሱ የሚተዳደርበት ሕግ ተጽፎ ሲያይ፣ የሚመራውን ሰው ሲመርጥና ሲጠይቅ ነው። ይህ ሳይሆን ስንት ጊዜ ሥርዓተ ትምህርት ቢከለስ ለውጥ አይመጣም።

ሥርዓተ ትምህርቱማ ብዙ ጊዜ ተከልሷል። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሲታወጅ አርቃቂው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ለተሰበሰቡት መኳንንት ምንነቱን በንግግር ማስረዳት ነበረባቸው፤ ለአዋቂዎች የተሰጠ የመጀመሪያው የሥነ ዜጋ ትምህርት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ትምህርት ቤቶች ግብረ ገብ ያስተምሩ ነበር። ደርግ በማርክሲዝም ሌኒኒዝም የተቃኘ የፖለቲካ ትምህርት አመጣ። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ገባ፤ በዚያ ዘመን የተማረ ሁሉ ከዴሞክራሲያዊ ሥርዓትና ከሕግ የበላይነት ጀምሮ እስከ ቁጠባና ዕውቀትን መሻት የሚዘልቁትን አሥራ አንድ እሴቶች በቃሉ ይወጣቸዋል። አሁን ደግሞ ግብረ ገብ ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ተመልሷል፣ ከፍ ያሉት «የዜግነት ትምህርት» ይማራሉ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የትምህርቱ ስምና የመጽሐፉ ሽፋን ይለወጣል። ገልብጥ፣ ሸምድድ፣ አክብብ የሚለው ዘዴ ግን አራቱንም ዘመን ተሻግሯል።

ሌላም የተሻገረ ነገር አለ። እያንዳንዱ ዘመን ትምህርቱን የራሱ አጋዥ ሊያደርገው ሞክሯል። በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ መካሄድ እንዳለበት ይደነግጋል። ያም ሆኖ በ2007 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን 547 መቀመጫዎች አንድም ሳይቀር ወሰዱ። በቀጣዩ መስከረም ስለ መድብለ ፓርቲ ሥርዓት ሊማር የተቀመጠ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ቀን በመጽሐፉ የሚያነበውና ማታ በቴሌቪዥን የሚያየው ምክር ቤት እንዴት ይገናኙለት? እጁን አውጥቶ «ተቃዋሚ የሌለበት ፓርላማ መንግሥትን እንዴት ይቆጣጠራል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ፍርሃት የያዘው መምህር «ወደ ርዕሳችን እንመለስ» ከማለት ሌላ መውጫ አልነበረውም። የዕለቱ ርዕስ ግን ያው የልጁ ጥያቄ ነበር።

ልጁ ቤቱ ሲገባ ደግሞ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ይሰማል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ ሲሳቅ ይሰማል። እነዚህን አባባሎች ኋላ ቀር ናቸው ብሎ ማጣጣል ቀላል ነው፤ ሆኖም ከባዶ ሜዳ የመጡ አይደሉም። ሕዝብ ለብዙ ዘመን ካየው የወጡ ናቸው። በኑሮ የተገኘ እምነት ደግሞ በማስታወሻ አይነቀልም፣ ሌላ ኑሮ ማየትን ይጠይቃል።

ያን ሌላ ኑሮ ለማሳየት የክፍል አለቃ ምርጫ በቂ ነው። አንድ ስም ጠሪ መምህር የመስከረምን ሁለት ሳምንት ለዚህ ይስጥ እንበል። መጀመሪያ ተማሪዎቹ የክፍላቸውን መተዳደሪያ ደንብ ራሳቸው ያረቅቃሉ። ረብሻ ምንድን ነው? ለጎረቤት እርሳስ ማቀበል ረብሻ ነው? አለቃው ስም ከመጻፉ በፊት ማስጠንቀቅ አለበት? የተጻፈበት ልጅ ከመቀጣቱ በፊት መልስ የመስጠት ዕድል ይኑረው? እዚህ ላይ ሳይታወቃቸው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ስለ ተከሰሱ ሰዎች መብት የሚያነሳቸውን ጉዳዮች ይከራከሩበታል። ቅጣቱ ምን ይሁን የሚለው ሲነሳ መምህሩ አንቀጽ 36ን ጮክ ብሎ ያስነብባቸው፤ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው እዚያ ተጽፏል። ይህን አንቀጽ ከአርጩሜ ጋር ይዞ ክፍል የሚገባ መምህር የትኛውን እያስተማረ እንደሆነ ልጆቹ አይጠፋቸውም።

ከዚያ ምርጫው ይመጣል። ዕጩዎች አምስት አምስት ደቂቃ ይናገራሉ፤ አንዱ ወንበር ለማስጠገን፣ ሌላዋ ከኋላ ረድፍ ያሉት ሰሌዳው እንዲታያቸው በየወሩ መቀመጫ እንዲዞር ቃል ይገባሉ። ደብተር ተቀዶ ድምፅ መስጫ ይሆናል፣ የጠመኔ ካርቶን ላዩ ተቀዶ ኮሮጆ ይሆናል። አንድ ተማሪ ወረቀቱን እየዘረጋ ያነባል፣ ሌላ ተማሪ ከአጠገቡ ቆሞ የተነበበው የተጻፈው መሆኑን ያያል፣ ሦስተኛዋ በሰሌዳው ላይ በጭረት ትቆጥራለች። በድምፅ የተሸነፈው ልጅ ወጥቶ ውጤቱን መቀበሉን ይናገራል። ይህችኛዋ ደቂቃ ከሁሉም ትበልጣለች። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ በቴሌቪዥን የታዩት ክርክሮችና በየጣቢያው የታየው ረጅም ሰልፍ ዛሬም ድረስ በናፍቆት ይነሳሉ፤ በውጤቱ ላይ የተነሳው ውዝግብ ግን ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎችን ሕይወት አስከፍሏል። በአደባባይ መቁጠር፣ ቆጠራውን ማመን፣ ተሸንፎ በማግስቱ እዚያው ዴስክ ላይ መቀመጥ በ12 ዓመት ዕድሜ ካልተለመዱ በ40 ዓመት አይመጡም።

አለቃው የሚቆየው አንድ መንፈቅ ብቻ ይሁን። ደንቡን ጥሶ ለወዳጁ ሲሰርዝ ቢገኝ ደግሞ ክፍሉ በድምፅ ያንሳው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሳ እንደሚችል ይናገራል፤ ይህ ድንጋጌ በሀገር ደረጃ ሲሠራበት ያላየ ተማሪ በክፍሉ ሊያየው ይችላል።

ተቃውሞው ይታወቃል። «ልጅ መብት ሲሰጠው ይባልጋል» ይባላል፤ መብትን እንጂ ግዴታን የማያውቅ ትውልድ አፈራን ብለው የሚያማርሩ መምህራን ጥቂት አይደሉም። ምሬታቸው እውነት አለው። መብት በወረቀት ብቻ ሲነገረው የኖረ ልጅ ከመምህሩ ጋር ሲጋጭ የሚመዘው ቃል ያደርገዋል እንጂ ክብደቱን አያውቀውም። ራሱ የጻፈውን ደንብ ራሱ ሲጥስ የተያዘ ልጅ ግን «ይህን ያመጡብኝ መምህሩ ናቸው» ማለት አይችልም። ክፍሉ 60 እና 70 ተማሪ ስለሆነ አይመችም የሚለውም ቢሆን በረድፍ ተከፍሎ፣ ከየረድፉ ተወካይ ተመርጦ ሊሠራ ይችላል፤ እንዲያውም ውክልና ምን ማለት እንደሆነ በዚያው ይታያል።

በብዙ ትምህርት ቤቶች «የተማሪዎች ፓርላማ» የሚባል አለ። አፈ ጉባኤ አለው፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ሥራው ግን ብዙ ጊዜ የደንብ ልብስ መቆጣጠር፣ በር ላይ ቆሞ ያረፈደ መመዝገብ፣ እንግዳ ሲመጣ ተሰልፎ መቀበል ነው። ይህ ፓርላማ ሳይሆን የጥበቃ ረዳት ነው። ትምህርት ቤቶች በተማሪ ብዛት ተሰልቶ የሚሰጥ የድጎማ ገንዘብ አላቸው። ከዚህ ገንዘብ ስንቱ ለጠመኔና ለወረቀት፣ ስንቱ ለውኃ ቧንቧ፣ ስንቱ ለሴቶች መጸዳጃ ቤት በር ማሠሪያ እንደዋለ ርእሰ መምህሩ በተማሪዎቹ ፓርላማ ፊት ቀርበው ቢያስረዱ፣ የ7ኛ ክፍል ተማሪዋም ተነስታ «በሩ ቁልፍ የለውም፣ በወር አበባችን ጊዜ ከትምህርት የምንቀረው ለዚህ ነው» ብትል፣ ግልጽነትና ተጠያቂነት ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይፈልጉም። ለርእሰ መምህሩም ቢሆን የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ የተጠየቀ አስተዳዳሪ ይከበራል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው። በኢትዮጵያ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡ ልጆች የተለያየ ቋንቋ፣ የተለያየ ሃይማኖት፣ ስለ ሀገራቸውም የተለያየ ትረካ ካላቸው ቤቶች የመጡ ናቸው። ስለ ፌዴራሊዝም ወይም ስለ አንቀጽ 39 የሚነሳ ጥያቄ መምህሩን በአንድ ቃል ከአንድ ወገን ሊያስመድበው ይችላል። ስለዚህ ዝም ይላል። መምህሩን በፈሪነት መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የሚጠብቀው የጋራ ደንብ የለውም።

ጀርመኖች እንዲህ ያለ ፈተና ገጥሟቸው ነበር። ከናዚ ዘመን በኋላ ትምህርት ቤት ለዴሞክራሲ ዘብ እንዲቆም ፈልገው ነበር፤ ነገር ግን በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የግራና የቀኝ ዘመም ምሁራን ክፍል ውስጥ ምን ይሰጥ በሚለው ክፉኛ ተከፋፈሉ። በ1976 በባደን ቩርተምበርግ ግዛት ቦይትልስባኽ በምትባል ትንሽ ከተማ ተሰበሰቡ። በስብሰባው ድምፅ አልተሰጠም። ተሳታፊ የነበረው ሃንስ ጌኦርግ ቬሊንግ ግን ሁለቱም ወገን የሚቀበላቸውን ሦስት ነጥቦች ለይቶ ጻፈ፤ እነሱም በሀገሪቱ የሥነ ዜጋ መምህራን ዘንድ እስከ ዛሬ እንደ ቃል ኪዳን ይታያሉ። መምህር የራሱን አመለካከት በተማሪው ላይ መጫን አይችልም። በምሁራንና በፖለቲካው መድረክ የሚያከራክር ነገር በክፍልም አከራካሪ ሆኖ መቅረብ አለበት። ተማሪው የራሱን ሁኔታና ጥቅም መርምሮ በፖለቲካው ተጽዕኖ ማሳደር የሚችልበትን መንገድ መማር አለበት። ሁለተኛው ነጥብ ለኢትዮጵያ መምህር ጋሻ ይሆነዋል፤ «ክርክሩን እኔ አላመጣሁትም፣ ሁለቱንም ወገን ማቅረብ ግዴታዬ ነው» ማለት ይችላል።

ለዚህ የሚሆን የክርክር ርዕስ ከሩቅ አይመጣም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ መጋቢት ላይ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ለነሐሴ የታቀደው ምርጫም ሊካሄድ እንደማይችል ምርጫ ቦርድ አስታወቀ። የምክር ቤቱ የአምስት ዓመት ዘመን ሲያልቅ ማን ያስተዳድር? መንግሥት አራት አማራጮችን አቀረበ፤ ምክር ቤቱን መበተን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማወጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ወይም ትርጉም መጠየቅ። የተመረጠው የመጨረሻው ነበር። ግንቦት ላይ በወቅቱ በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ይመራ የነበረው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የሕግ ምሁራንን ጠርቶ አንቀጽ 54ን፣ 58ንና 93ን ሲያስተነትን በቴሌቪዥን ተላለፈ። አንዱ ምሁር ሕገ መንግሥቱ ክፍተት አለው ሲል፣ ሌላው ግልጽ የሆነ አንቀጽ አይተረጎምም ሲል ሀገር አየ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ኬሪያ ኢብራሂም ተቃውመው ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ሰኔ 3 ቀን ምክር ቤቱ ምርጫው እንዲራዘም ወሰነ። የትግራይ ክልል በበኩሉ ጳጉሜ ላይ የራሱን ምርጫ አካሄደ። ከዚያ በኋላ የመጣው የደም ዘመን የሁሉም ኀዘን ነው።

ይህ ታሪክ በክፍል ውስጥ መከራከሪያ መሆን አለበት። ግማሹ ክፍል የአጣሪ ጉባኤውን ቦታ ይዞ ትርጉሙን ይከላከል፤ ግማሹ ውሳኔው የሥልጣን ዘመንን ያለ ሕዝብ ድምፅ ማራዘም ነው ብሎ ይሞግት፤ በማግስቱ ቦታ ይለዋወጡ። ትናንት የተቃወሙትን ዛሬ እንዲከራከሩለት የተገደዱ ልጆች የሌላው ወገን ሰው ከጠላትነት ሌላ ምክንያት እንዳለው ያያሉ። ይህን ሀገር ለማስቀጠል የሚያስፈልገው ነገር ከየትኛውም የእሴት ዝርዝር ይልቅ እዚህ ይገኛል።

ሽምደዳ ፈጽሞ አያስፈልግም ማለት አይደለም። አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ዜግነት ለማግኘት የሚፈተኑት ፈተና በአብዛኛው የሽምደዳ ነው። ለብዙ ዓመታት 100 ጥያቄዎች ነበሩ፤ ፈታኙ እስከ 10 ይጠይቃል፣ 6 የመለሰ ያልፋል። በ2025 እንደነሱ አቆጣጠር ወደ 128 አድገው፣ ከ20 ጥያቄ 12 መመለስ ግድ ሆነ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ስንት እናት ሌሊት ከሥራ ተመልሳ በስልኳ በአማርኛ የተተረጎመውን እያዳመጠች አጥንታለች። ከጥያቄዎቹ መካከል ግን መጽሐፍ የማይመልሰው አለ፤ የአንተ እንደራሴ በምክር ቤት ማን ነው? ሴናተርህስ? በዋሽንግተን ዲሲ ለሚኖር ባለታክሲ የሁለተኛው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ «ዲሲ ሴናተር የላትም» ነው። ያ ሰው ዜጋ ሊሆን በቀረበበት ክፍል ውስጥ የሚኖርበት ከተማ ምን እንደጎደለበት ይናገራል፤ ፈታኙም ልክ ነህ ይለዋል።

አዲስ አበባ በተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫዎች አሏት። እዚያ የሚማር የ10ኛ ክፍል ተማሪ አንቀጽ ቁጥር እየጠራ ሊያስደንቅ ይችላል፤ የሚኖርበት የምርጫ ክልል የትኛው እንደሆነና ተወካዩ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን እሱ ቀርቶ አባቱም ይቸገራሉ። ይህን አንድ ጥያቄ የዓመቱ የመጀመሪያ የቤት ሥራ ማድረግ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ሁለተኛው የቤት ሥራ የሰፈሩን እድር መተዳደሪያ ደንብ አምጥቶ ማንበብ ይሁን። ዳኛው ለስንት ዓመት ይመረጣል? ምልዓተ ጉባኤው ስንት ነው? የገንዘብ ያዡን ሒሳብ የሚመረምረው ማን ነው? ቀብር የቀረ ምን ይቀጣል፣ ለማንስ ያመለክታል? ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ሳይቀሩ በየወሩ የሚኖሩበት ሥርዓት ነውና ተማሪው ዴሞክራሲ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ነው የሚለውን ወሬ በራሱ ዓይን ይፈትሸዋል።

በአንቀጽ 38 መሠረት አንድ ኢትዮጵያዊ 18 ዓመት ሲሞላው ይመርጣል። ዛሬ 10ኛ ክፍል የተቀመጠው ተማሪ የመራጭነት ካርድ ለማውጣት የቀረው ሁለት ዓመት ገደማ ነው። የሚቀጥለውን የሥርዓተ ትምህርት ክለሳ እስኪጠብቅ ዕድሜው ያልፋል። ስለዚህ ጥያቄው ለትምህርት ሚኒስቴር ብቻ አይደለም፤ ለየትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ ለስም ጠሪው፣ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱም ነው። በዚህ መንፈቅ በሚካሄደው የተማሪዎች ፓርላማ ስብሰባ የድጎማውን ሒሳብ ይዛችሁ ግቡ፤ ልጆቹ ይጠይቁ፣ እናንተም መልሱላቸው።